በሰው ስም የተገዛ ኢቃማ መንገድ አይደለም

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ስብሰባችን ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቡና ከተጠጣ በኋላ የወረቀት ወሬ ተነሣ፤ ማን ኢቃማ አላት፣ ማን የላትም፣ ማን ካፊል እያፈላለገች ነው። እትዬ የምንላቸው ታላቃችን፣ ቤይሩት አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩት፣ እንዲህ አሉ፦ «ሕጋዊ መሆን ለሚፈልግ መንገዱ ክፍት ነው። ገንዘቧን ቆጥባ ካፊል ትግዛ። አልገዛም ያለች ጥፋቱ የራሷ ነው። ደግሞ የጠፉት ናቸው እኮ ስማችንን ያጠፉት።»

ግማሾቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። ግማሾቻችን መሬት መሬት አየን። እኔ መሬት ካዩት ነኝ። ወረቀት የሌላት ሴት ወረቀት ስላላት ሴት ፊት ክርክር አትገጥምም፤ ለምደነዋል። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያልመለስኩትን መልስ እዚህ እጽፈዋለሁ። እትዬን አከብራቸዋለሁ፤ ለምን እንደማከብራቸው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ያሉት ነገር ግን ልክ አይደለም፣ ዝም ስንልም ይጎዳናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሕገወጥ» የምንሆነው እንዴት ነው?

አብዛኞቻችን ስንመጣ ወረቀት ነበረን። ቪዛ፣ ኮንትራት፣ ኢቃማ፣ ሁሉም ነበረን። ግን አንዱም በእጃችን አልነበረም። ፓስፖርታችን ገና ከኤርፖርት ሳንወጣ በካፊል እጅ ገባ፣ ከዚያ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ። ኢቃማ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሚያሳድሰው ካፊሉ ነው። የሥራ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እኛ የምናደርገው ፎቶ መነሣትና መጠበቅ ብቻ ነው።

አሁን ወረቀት የሌላቸውን እህቶች አንድ በአንድ ጠይቂ። ሦስት ዓይነት ታሪክ ትሰሚያለሽ።

አንደኛዋ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ማዳሟ ኢቃማውን አላደሰችውም፤ በቃ። በ2019 የገንዘቡ ቀውስ ሲጀምር 1 ዶላር 1500 ሊራ ነበር፤ ዛሬ 89 ሺህ ተኩል ነው። ያኔ ስንቱ ቤት ደሞዝ መክፈል አቆመ፣ ስንቱ ቤት ለኢቃማ የሚወጣ ገንዘብ የለኝም አለ። ልጅቷ እዚያው ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ሕገወጥ ሆነች። ምን አጠፋች?

ሁለተኛዋን አውጥተው ጣሏት። በ2020 ሰኔ ወር ሐዝሚዬ ቆንስላችን በር ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። መኪና እየቆመ ሴቶች ይወርዱ ነበር፤ አንዳንዷ ከነሻንጣዋ፣ አንዳንዷ በለበሰችው ብቻ፣ ያለ ደሞዝ፣ ያለ ፓስፖርት። አስፋልት ላይ አደሩ። ካፊሉ በር ዘግቶ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ተላላፊዋ እሷ ሆነች፣ እሱ አይደለም።

ሦስተኛዋ «የጠፋችው» ናት። ይቺ እኔ ነኝ።

በ2012 መጣሁ። በ150 ዶላር ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሠራሁ። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ወራት ደሞዝ አላየሁም። ስጠይቅ «ባንክ አስቀምጬልሻለሁ» ትለኝ ነበር። የባንኩን ደብተር አሳዪኝ ባልኩ ቀን ስልኬን ወሰደችብኝ። ቆሻሻ ልጣል ብዬ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። አሥራ አንድ ወር የሠራሁበትን ጥዬ ነው የወጣሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ወርቅ ሰርቃ ጠፋች ብላ ከሳኛለች። የማውቃትን ሁሉ የገጠማት ነው፤ ሴቲቱ ደሞዝ ልትጠይቅ እንዳትመለስ በሌብነት ክስ በሩ ይዘጋባታል። ታዲያ ማነው ማንን የሰረቀው?

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ ያደርጋታል። አስተውሉ፤ ሕጉ ለእኛ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። የሥራ ሕግ አይመለከትሽም፣ ካፊልሽ ነው የሚያውቅልሽ የተባለች ሴት፣ ካፊሏ ሲከዳት ወዴት ትሂድ? ከዚያ ተመልሶ «ሕግ ጣስሽ» ይሏታል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ «የጠፉት ስማችንን አጠፉት» አንበል። ዛሬ ኢቃማ ያለሽ እህቴ፣ ያንቺም ወረቀት የሚታደሰው በሰው ፈቃድ ነው። አንዲት ጠዋት ማዳምሽ ከፍቷት ትነሣለች፣ ወይ ወደ ካናዳ ትሄዳለች፣ ወይ ትሞታለች። በሚቀጥለው ዓመት እኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ።

የሚሸጠው «መንገድ»

እትዬ መንገዱ ክፍት ነው ያሉት ይሄንን ነው፦ ለደላላ ትከፍያለሽ። ደላላው አንድ ሊባኖሳዊ ያመጣል። ሰውየው በቤቱ የምትሠሪ መስሎ በስሙ ወረቀት ያወጣልሻል። አንቺ ግን ውጪ ቤት ተከራይተሽ በሰዓት እየሠራሽ ትኖሪያለሽ። የመጀመሪያው ካፊልሽ ተናዙል እንዲፈርምልሽ ያስፈልጋል፤ ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ «ለቅቄያታለሁ» ማለት አለበት። እሱ ደግሞ ፊርማውን ይሸጣል። አሥራ አንድ ወር ያልከፈለሽ ሰው አንቺን ለመልቀቅ ሌላ ገንዘብ ይቀበላል።

እኔ በ2016 ገዛሁ። 1000 ዶላር። ያገናኘኝ የእኛው ሰው ነው፤ ሐበሻ፣ ያውም በጣም ሃይማኖተኛ ነኝ የሚል። ካፊል የተባለውን ሰውዬ ያየሁት አንድ ቀን ነው፣ ለአምስት ደቂቃ፣ መኪናው ውስጥ። ኢቃማዬ ሲወጣ ግን አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ኬላ ላይ ልቤ ሳይመታ አለፍኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርኒሽ ላይ ቁጭ ብዬ ባሕር አየሁ።

ዓመቱ ሲደርስ 1400 አለኝ። ለምን ጨመረ? «ሌላ ካፊል ፈልጊ እንግዲህ» አለኝ። ሌላ ለመፈለግ የእሱ ተናዙል ያስፈልገኛል። ከፈልኩ። በሦስተኛው ዓመት ስልኩን አላነሣም አለ። ደላላውን ስጠይቀው «ሰውየው ተጉዟል» አለኝ። ፓስፖርቴ ሰውየው ጋ ነበር። እስካሁን አላየሁትም።

እስኪ አስቡት፦ 2400 ዶላር። ያኔ በሰዓት 5 ዶላር ነበር የምሠራው። 480 ሰዓት የሰው ቤት መወልወል ማለት ነው፣ ለሁለት ዓመት ወረቀት። ለእናቴ የላክሁላት ከዚያ ያንሳል።

ሌላም አለ። ይሄ ወረቀት ራሱ ሕጋዊ አያደርግሽም። ኢቃማሽ የሚለው የእገሌ ቤት ሠራተኛ ነሽ ነው። የምትኖሪው ሌላ ቦታ፣ የምትሠሪው ሌላ ቤት ከሆነ ተጣሪው ሲይዝሽ ጥፋት አለብሽ። ማለትም ከፍለሽም ጥፋተኛ ነሽ። ልዩነቱ ካፊሉ እስካልተቆጣ ድረስ ማንም አያይሽም። አንድ ስልክ ከደወለ ግን «ጠፍታለች» ይልሻል፣ ዳግመኛ ትጠፊያለሽ። በማዳም ቤት አንድ ጌታ ነበረሽ፤ አሁን ሁለት ናቸው፣ ካፊሉና ደላላው።

ግዢ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ልጅ ያላት፣ የታመመች፣ በየኬላው መንቀጥቀጥ የሰለቻት ሴት ብትከፍል አልፈርድባትም። እኔም ነገ ልከፍል እችላለሁ፤ በዚህ ወር እንኳ አንዱ 1500 ብሎኛል፣ ወር ሳይሞላ መልስ ይፈልጋል። የምለው አንድ ነገር ነው። ይሄ ቤዛ ነው። ቤዛ የከፈለች ሴት ነፃ ወጣች ይባላል እንጂ መንገድ አገኘች አይባልም፤ እኛ ደግሞ ነፃም አልወጣንም። መንገድ ብለን ስንጠራው እውነተኛ መንገድ መጠየቅ እንተዋለን። ያልከፈለችውን ደግሞ ሰነፍ ማለት እንጀምራለን።

«ምህረት ወጣ» ሲባል

ሌላው የምንጠብቀው ምህረት ነው። በየጊዜው በዋትሳፕ ይመጣል፦ «ምህረት ሊወጣ ነው፣ ሼር አድርጉ!» በሌሎቹ አገሮች ያሉ እህቶቻችን ስላዩት ልምዳቸውን እንይ።

ሳዑዲ በ2013 ከሚያዝያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ወረቀታችሁን አስተካክሉ ወይም ውጡ አለች። ማስተካከል የሚችለው ካፊል ያለው ነው። ካፊሉ የከዳው፣ በየመን በኩል በእግሩ የገባው ምን ያስተካክል? ጊዜው ሲያልቅ አፈሳ ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። ስንቱ ያጠራቀመውን ጥሎ እንደገባ በየቤታችን የምናውቀው ነው።

ኩዌት በ2024 ከመጋቢት እስከ ሰኔ ጊዜ ሰጠች። ለመውጣት የሚፈልግ ያለ ቅጣት ይውጣ፤ ለመቅረት የሚፈልግ ቅጣቱን ይክፈል ተባለ። ኤምሬትስም በዚያው ዓመት ከመስከረም 1 ለሁለት ወር ከፈተች፣ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 31 አራዘመች፦ ወይ ያለ ቅጣትና ያለ እገዳ ውጡ፣ ወይ ቀጣሪ አግኝታችሁ ተስተካከሉ። ይሄኛው ከብዙዎቹ የተሻለ ነበር፣ የተጠቀሙበትም እህቶች አሉ፤ ደስ ይለናል።

ግን የምህረቱን ጠባይ ልብ በሉ። ለወራት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወደ ውጪ የሚያስወጣው በር ሰፊ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጠባብ። ደግሞ ሕጋዊ የምትሆኚው መልሰሽ ለሌላ ካፊል ስትታሰሪ ነው። ያ ካፊል በሚቀጥለው ዓመት ባያድስልሽ እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ሕገወጥ የሚያደርገንን ማሽን ሳያቆሙ በየጊዜው ጠራርጎ ማውጣት ለእነሱ ጽዳት ነው። ለእኛ መፍትሔ አይደለም።

እውነተኛ መንገድ ምን ይመስላል?

«ሕልም ነው የምታወሪው» የምትሉኝ አላችሁ። ሕልም አይደለም፤ እዚሁ አካባቢ ተሞክሯል። ባሕሬን በ2017 ፍሌክሲ የሚባል ፈቃድ አወጣች። ኢቃማው ያለፈበት ወይም የተሰረዘበት ሠራተኛ ያለ ካፊል፣ በራሱ ስም፣ ለሁለት ዓመት ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስችል ነበር። ጉድለት ነበረው። ክፍያው ከባድ ነበር፤ ከመጀመሪያው ክፍያ ሌላ በየወሩ 30 ዲናር ይከፈል ነበር። ካፊላቸው «ጠፍተዋል» ብሎ ያስመዘገባቸውም መጀመሪያ ላይ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ማለትም በጣም የሚያስፈልጋቸው ቀሩ። በ2022 መንግሥት ሰረዘው፣ ነጋዴዎች ብዙ ሲያጉረመርሙበት ቆይተው ነው። ቢሆንም አምስት ዓመት ሠራ። በዓረብ አገር ሠራተኛ በራሷ ስም ኢቃማ ብትይዝ ሰማይ እንደማይደፋ ታየ።

አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ የሚያውቁት አለ። ጣሊያን በ2020 በኮሮና ጊዜ ወረቀት የሌላቸውን ለማስተካከል ማመልከቻ ተቀበለች። ከ207 ሺህ በላይ ማመልከቻ ገባ፤ ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጠው ለቤት ሠራተኞችና አዛውንት ለሚንከባከቡ ነበር። እዚያም ግን በአብዛኛው የሚያመለክተው ቀጣሪው ስለነበር ስንቷ ተለማመጠች፣ ስንቷ የቀጣሪውን ክፍያ ከኪሷ ከፈለች፣ ስንቷስ ዓመታት ጠበቀች። ስፔን ግን አራይጎ የሚሉት አሠራር አላት። ሥር መስደድ እንደማለት ነው። በአገሩ ለተወሰነ ጊዜ መኖርሽን ካስረዳሽ፣ ወንጀል ከሌለብሽ፣ የሥራ ውል ወይም ሌላ የሚጠየቀውን ካሟላሽ፣ ወረቀት ባይኖርሽም ማመልከት ትችያለሽ። ቀድሞ ሦስት ዓመት ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ ሁለት ዓመት ሆነ። ይሄ ምህረት አይደለም። በሩ በየዓመቱ፣ በየወሩ ክፍት ነው። የሚቆጠረው የኖርሽው ዓመት ነው።

እኛ ስንት ዓመት ኖርን? በስብሰባችን ላይ አሥር ዓመት ያለፋት ስንት ናት? የእነዚህን ሰዎች ልጆች አሳድገናል፣ ሽማግሌዎቻቸውን አጥበን ቀብረናል። ሥር ሰዷል ለመባል ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል?

እዚሁ ተከፍቶ የነበረው በር

ሊባኖስ ውስጥም ጉዳዩ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር፤ ብዙዎቻችን አናውቅም። በ2020 መስከረም ላይ የሥራ ሚኒስቴር አዲስ ኮንትራት አወጣ። በሳምንት 48 ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ፓስፖርት በሠራተኛዋ እጅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛዋ ያለ ካፊሉ ፈቃድ ኮንትራቱን አቋርጣ ሌላ ቀጣሪ ጋ መሄድ ትችላለች ይል ነበር። ማለትም ተናዙል የሚሸጥበት ገበያ ሊዘጋ ነበር።

ማን አስቆመው? የመክተብ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰ። በጥቅምት ወር የመንግሥት ሹራ ምክር ቤት ኮንትራቱን አገደው። አንድ ወር ገደማ ነው የኖረው። እነሱ ማኅበር አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው። እኛ ያኔ ምን ላይ ነበርን? የወደቡ ፍንዳታ ከሆነ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር፤ ገና መስታወት እየለቀምን ነበር።

ከዚያ በፊት በ2015 ጥር ላይ የቤት ሠራተኞች ከየአገሩ ተሰብስበው በሊባኖስ የሠራተኛ ፌዴሬሽን ጥላ ሥር ማኅበር መሠረቱ። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። የሥራ ሚኒስትሩ ሕገወጥ ነው ብለው አልቀበልም አሉ። ልብ በሉ፤ ብቻችንን ስንሸሽ ሕገወጥ ነን፣ ተሰብስበን ስንናገርም ሕገወጥ ነን። መክተቦቹ ሲሰበሰቡ ግን ሕጋዊ ነው።

ከራሳችን ሰው የምሰማቸው ነገሮች

«እኛ ለሥራ ነው የመጣነው፣ ፖለቲካ ምን ያደርግልናል?» እህቴ፣ ካፊልሽ ደሞዝሽን ሲበላ ያገኘው ኃይል ከዚሁ ፖለቲካ ነው የመጣው። ከማንም ጋር ሳትጣዪ ሥራሽን ሠርተሽ መግባት የምትችዪው ወረቀቱ በእጅሽ ሲሆን ነው።

«ለሁሉም ወረቀት ከተሰጠ ሁሉም ከቤት ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ይሄን ማዳሞች ሲሉት ይገባኛል፤ እኛ ስንለው ግን ይገርመኛል። ደሞዝ በሰዓቱ የሚከፈላት፣ እሑድ የምትወጣ፣ የማትሰደብ ሴት ለምን ትጠፋለች? ጥሩ ቀጣሪ ያላቸው እህቶች አሉን፣ አሥር ዓመት እዚያው ናቸው። ከዚህ የሚያተርፈው ክፉው ቀጣሪ ብቻ ነው።

«መንግሥታችን ያውቃል፣ እሱ ይጨርስልናል።» ኢትዮጵያ በ2008 ወደ ሊባኖስ ለሥራ መጓዝን አገደች። ጉዞው ቆመ? አልቆመም፤ በሌላ አገር እየዞሩ መጡ። የተረፈው ነገር ቢኖር፣ እገዳ ጥሳችሁ ነው የመጣችሁ እየተባልን ከዚህም ከዚያም ባለቤት ማጣታችን ነው። የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተው 189ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት በ2011 ወጣ። ሊባኖስ አላጸደቀችውም። አገራችንም ለዓመታት አላጸደቀችውም። ሌላውን ስንጠይቅ የራሳችንንም እንጠይቅ።

የምንጠይቀው

ስለዚህ እኔ ለቡድናችን የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ተወያዩበት፣ ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

አንደኛ፣ ኢቃማ በሠራተኛዋ ስም ይሁን፤ ራሷ ታድሰው። ሁለተኛ፣ ተናዙል ይቅር። ሥራ የለቀቀች ሴት ሌላ ሥራ እስክታገኝ በሕግ የምትቆይበት ጊዜ ይሰጣት። ሦስተኛ፣ አሁን ወረቀት የሌለን ሰዎች የምናመለክትበት ቋሚ አሠራር ይኑር፤ ለወራት የሚከፈት ምህረት ሳይሆን፣ የኖርንበትን ዓመት የሚቆጥር፣ ያልታደሰበትን ቅጣት በእኛ ላይ የማይጭን። አራተኛ፣ ካፊል «ጠፍታለች» ስላለ ብቻ ማንም መብቷን አትጣ። ሰርቃለች የሚል ፍርድ ቤት ሄዶ ያስረዳ፤ እሷም ያልተከፈላትን ደሞዝ እዚያው ትጠይቅ። አምስተኛ፣ አንቀጽ 7 ይነሣ፣ የ2020ው ኮንትራት ይመለስ። ስድስተኛ፣ ከመንግሥታችን፦ ፓስፖርቷ በካፊል እጅ የቀረ ሴት ያለ ውጣ ውረድ ሌላ ታግኝ። ከዚህ አገር ጋር ስምምነት ሲደረግ አዲስ ስለሚመጡት ብቻ ሳይሆን እዚህ ስላለነውም ይጻፍ።

እስከዚያው ግን

ይሄ ሁሉ ዛሬ እንደማይሆን አውቃለሁ። እስከዚያው እርስ በርሳችን እንጠባበቅ።

የፓስፖርትሽን፣ የቪዛሽንና የኢቃማሽን ፎቶ አንሥተሽ አገር ቤት ላለ ዘመድ ላኪ፤ ስልክ ይወሰዳል። ዋናውን ፓስፖርት ለደላላ አትስጪ፤ እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ። በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ማንበብ የምትችል እህት ሳታየው አትፈርሚ፤ ደሞዜን ተቀብያለሁ የሚል ሊሆን ይችላል። ለመክፈል ከወሰንሽ ካፊሉን በአካል እዪው፣ መታወቂያውን እዪ፣ ገንዘቡን ሰው ፊት ስጪ። ለመውጣትም ሆነ ለማስተካከል ወደ ማንኛውም ቢሮ ከመሄድሽ በፊት የሌብነት ክስ እንዳለብሽ በጠበቃ በኩል አስጠይቂ፤ እሑድ ጠረጴዛው ላይ ያሉት እህቶች ያገናኙሻል። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ወረቀት፣ የሐኪም ካርድ አትጣዪ። አንድ ቀን የኖርሽበትን ዓመት አስረጂ ስትባዪ ማስረጃሽ እሱ ነው። «ምህረት ወጣ፣ ቶሎ ክፈዪ» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ሳትከፍዪ ጠይቂ። የደላሎቻችንን ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገርበት። የበላን ሰው ስሙን ለሌላዋ ሳንነግር ዝም የምንለው እስከ መቼ ነው?

እናቴ በ2021 ሞተች። መሄድ እችል ነበር፤ ተመልሼ መግባት ግን አልችልም። ሁለት ታናናሾቼ በእኔ ገንዘብ ነው የሚማሩት። ለቅሶዬን ዶራ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ተቀመጥኩ፤ ሰልስቷንም እዚያው በቡና አደረስኳት። አጠገቤ ከተቀመጡት አንዷ እትዬ ነበሩ።

በ2024 መኸር ቦምቡ ሲወርድ ደግሞ ታስታውሳላችሁ። ስንቶቻችን የመጠለያ በር ላይ «ለሊባኖሳውያን ነው» ተብለን ተመለስን። ያን ሌሊት እትዬ በራቸውን ከፈቱ። ስድስት ሆነን በአንድ ፍራሽ ላይ አደርን፣ ሳምንታት ቆየን። ያላቸውን ምስር አካፈሉን። ወረቀት አለሽ ወይ ብለው አንዳችንንም አልጠየቁንም።

እትዬ፣ የምለምንዎት ይሄንኑ ነው። ያን ሌሊት እንዳዩን ዛሬም ይዩን። በሚቀጥለው እሑድ እነዚህን ስድስት ነጥቦች አንብቤ ለውይይት አቀርባለሁ። ኢቃማ ካላቸው መጀመሪያ የሚፈርሙት እርስዎ ቢሆኑ ሌሎቹ ይከተላሉ።